ፍሙ ሥራውን አልጨረሰም

ክረምት በገባ ቁጥር ያው መርዶ ይመለሳል። ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሳይነሱ ቀሩ ይባላል። ለቅሶ ቤት የሚነገረውም አይለወጥም፤ «ምነው ጭሱ ሳይወጣለት ባያስገቡት!» እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ አባባል ናት። ምክንያቱም ብዙዎቹ ከሰሉን ያስገቡት ጭሱ ወጥቶለት፣ ደህና አድርጎ ከፈመ በኋላ ነው።

እስቲ የከሰልን ሂሳብ አብረን እንሥራው። ቁጥር የማትወዱ ትንሽ ታገሱኝ።

12 ግራም ንጹሕ ካርቦን በቂ አየር አግኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስኪሆን ቢነድ 393.5 ኪሎ ጁል ሙቀት ይሰጣል። ያው 12 ግራም አየር አጥሮት ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ቢቆም የሚሰጠው 110.5 ብቻ ነው። ቀሪው 283 የት ገባ? ከጋዙ ጋር አብሮ ወጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት መንገድ ላይ የቀረ ነዳጅ ነው፤ ሰው የሚገድለውም ይኸው ሳይሞቀን ያመለጠን እሳት ነው።

ወደ ቡናው እናምጣው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውኃ እዚያ ለማድረስ 300 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ካርቦኑ በደንብ ከነደደ ከ10 ግራም ያነሰ ይሸፍነዋል፤ ሞኖክሳይድ ላይ እየቆመ ከሆነ ግን ከ30 ግራም በላይ ይፈጃል። ይህ እንግዲህ ሙቀቱ አንድም ሳይባክን ጀበናው ውስጥ ቢገባ ነው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የሚያሞቀው አየሩንና የቡና አፍይዋን ጉልበት ነው።

ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ «ትስስር ሲበጠስ ኃይል ይወጣል» ብሎ ይጽፋል። ተገላቢጦሹ ነው። መበጠስ ምንጊዜም ወጪ ነው፤ በ32 ግራም ኦክስጅን ውስጥ ያሉትን አተሞች ለማለያየት ብቻ 498 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ገቢው የሚገኘው ኦክስጅንና ካርቦን አዲስ ሲተሳሰሩ ነው። ከሰል በአንድ ክብሪት እሺ የማይለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ወጪ የሚሸፍንለት ጭራሮ ወይም ላምባ ይፈልጋል (ፌስታሉን እንኳ ተዉት፣ እባካችሁ)። አንዴ ከተያያዘ በኋላ የአንዱ ትርፍ ለአጠገቡ ከሰል ወጪ ይሆናል።

አሁን ማንደጃው ውስጥ እንግባ። አየር በታች በኩል ይገባል። ታች ያለው ፍም ኦክስጅን ስለማያጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ትልቁ ሙቀት የሚወጣው እዚያ ነው። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ፍም መሐል ያልፋል፤ ኦክስጅኑ ግን አልቋል። ስለዚህ ከፍሙ ተጨማሪ ካርቦን ይወስድና ሁለት ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህኛው ለውጥ ሙቀት መስጠቱ ቀርቶ 172.5 ኪሎ ጁል ይውጣል። ከ393.5 ላይ ቀንሱት፤ 221 ይመጣል። የ110.5 እጥፍ ማለት ነው። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ ድምሩ አይዛነፍም። ጄኔቫ ተወልዶ ሩሲያ ያደገው ገርሜን ሄስ በ1840 እ.ኤ.አ. ሕግ አድርጎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ ያውም «ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለው ገና በቅጡ ሳይደነገግ።

ሂሳቡ ለመንገዱ ግድ የለውም። ለእኛ ግን መንገዱ ሞትና ሕይወት ነው።

ከፍሙ በላይ የምትወዛወዝ ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት የጠፋ ምሽት ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሞኖክሳይዱ ከላይ አየር ሲያገኝ ያን 283 እየሰጠ የሚነደው እዚያ ነው። አመድ ሲሸፍነው ወይም ፍሙ ሲበርድ ነበልባሏ ትጠፋለች፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። ቤተሰቡም «አሁን ጥሩ ሆነ» ብሎ በሩን የሚዘጋው ልክ ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ በደንብ ያልከሰለው እንጨት ነው፤ መጥፋቱ የሚነግረን ያ እንጨት ማለቁን ብቻ ነው። ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ሰውየው «ድካም ነው» ይልና ጋደም ይላል።

በአንዲት የኪራይ ክፍል ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ የወተፈችውን እናት አልፈርድባትም፤ ልጆቿን ብርድ እየገደለባት ነው። ብቻ ሙቀቱን ያስቀራል የተባለው ጨርቅ አየሩንም ያስቀራል፤ አየር ባነሰ ቁጥር ደግሞ ሞኖክሳይዱ ይበዛል። ማንደጃውን ከመተኛት በፊት ደጅ ማውጣት ቤቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ይህን ደብቆ የሚመክር ሰው ብርድ የማያውቅ ነው። ቢሆንም መውጣት አለበት።

አያቶቻችን እሳት ዳፍነው ያድሩ ነበር። አመድ የለበሰ ፍም ቀስ እያለ፣ በጥቂት አየር እየነደደ እስኪነጋ ይቆያል፤ ሞኖክሳይድ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ግን የጎጆው ክዳን ሣር ነበር፤ በሣሩም በግድግዳው ስንጥቅም ጋዙ ያመልጣል። እኛ ፍሙን ይዘን የገባነው ብሎኬት ግድግዳ፣ ኮርኒስና የብረት በር ያለው ቤት ውስጥ ነው።