የኮ ታኦ ሌባሻይ

በመኝታ ክፍላችን አራት ነን። አንዱ ሕግ ያጠናል፣ አንዱ ኬሚስትሪ፣ ሁለቱ ቋንቋ። በሃይማኖትም፣ በአገር ቤትም፣ በእግር ኳስ ቡድንም ተለያይተን የምንስማማበት ነገር ቢኖር ፖሊስ አለማመን ነው። ይህን የምንለው በኩራት አይደለም፤ ልማድ ሆኖብን ነው። «ወንጀለኞቹ በቁጥጥር ሥር ውለዋል» የሚል ዜና ስንሰማ ከአራታችን አንዱ «አይ እንግዲህ፣ አንድ ምስኪን አገኙ ማለት ነው» ማለቱ አይቀርም። ባለፈው ሰሞን ታዲያ የሕጉ ተማሪ ለክፍል ውይይት ያዘጋጀውን አንድ የሩቅ አገር ጉዳይ ይዞ ገባና ይህ ልማዳችን ተፈተነ። ሦስት ሌሊት ተከራከርን። የጎረቤት ክፍል ልጆች ግድግዳ ሲደበድቡብን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ቀጠልን።

ነገሩ የኮ ታኦ ነገር ነው። ኮ ታኦ ማለት በታይላንዶች ቋንቋ «የኤሊ ደሴት» ማለት ነው። በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለች፣ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን ትንሽ መሬት ናት። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ የፖለቲካ እስረኛ ይታጎርባት ነበር፤ ዛሬ ከየአገሩ የሚመጣ ወጣት ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚማርባት፣ ማታ ማታ በዳርቻዋ የሚጨፍርባት ቦታ ሆናለች። አልጋውን የሚያነጥፈው፣ ሳህኑን የሚያጥበው፣ ሲሚንቶውን የሚሸከመው ግን ቱሪስቱም አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ሰውም አይደለም። ከማያንማር፣ በድሮ ስሟ ከበርማ፣ ድንበር አቋርጦ የመጣ ወጣት ነው።

በመስከረም 5 ቀን 2007 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2014፤ ከዚህ በኋላ በእነሱ እንቁጠር) ማለዳ ላይ፣ ሳይሪ በሚባለው ዳርቻ የሁለት እንግሊዛውያን አስከሬን ተገኘ። ሴቲቱ 23 ዓመቷ፣ ወንዱ 24 ዓመቱ ነበር። ሴቲቱ ተደፍራለች። ለመግደያ ዋለ የተባለው ዶማ ነው፣ እኛ አገር ማንም ገበሬ ደጅ የሚገኝ ዓይነት። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ ስማቸው ከበቂ በላይ ተጽፏል። ግን ሁለቱም በእኛ ዕድሜ እንደነበሩ፣ ከሥራና ከትምህርት አረፍ ለማለት የሄዱ እንደነበሩ እንዲታሰብልን እንፈልጋለን። ምክንያቱም፣ እንናዘዝ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ክርክራችን ስለ ሟቾቹ አንድም ቃል አልተናገርንም። የተናገርነው ስለ ፖሊስ ብቻ ነበር።

ፖሊስም ለወሬ የሚመች ሥራ ነበር የሠራው። አስከሬኖቹ የተገኙበት ቦታ በወጉ አለመጠበቁ፣ ጀልባዎችም ሰው ማመላለሳቸውን አለማቋረጣቸው በሰፊው ተነቅፏል። በደሴት ላይ ሰው ተገድሎ ወደቡ ካልተዘጋ ደሴትነቱ ምን ጠቀመ? ጥርጣሬው ወደ ሟቾቹ አገር ልጆችም ወደ በርማ ሠራተኞችም ዞረ። የበርማ ልጆች በየማደሪያቸው እየተፈለጉ የዲ.ኤን.ኤ. ናሙና ሰጡ።

ጊዜውም ክፉ ጊዜ ነበር። ገና አራት ወር ሳይሞላው ጦር ሠራዊቱ መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ይዟል። አገሪቱ ከቱሪስት የምታገኘው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ ቱሪስት ደግሞ ሬሳ ካየ ሌላ ባሕር ይመርጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ፕራዩት ቻን-ኦቻ ቢኪኒ ለብሰው የሚሄዱ ሴቶች እንዴት ደኅና ይሆናሉ የሚል ነገር ተናገሩ፤ መልከ ጥፉ ካልሆኑ በቀር ብለውም ጨመሩበት። ዓለም ሲጮኽባቸው ይቅርታ ጠየቁ። የቱሪዝም ሚኒስትሯ ደግሞ ቱሪስቶች ማንነታቸው የሚታወቅበት አምባር እጃቸው ላይ ይሰርላቸው የሚል ሐሳብ አመጡ። የኬሚስትሪው ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀና «ገዳዩን ሲያጡ የሚገደለውን ሊቆጥሩ!» አለ።

አፈርሳታ ስለሚባለው የቀድሞ ሥርዓት የሰማ ሰው ይህ አይገርመውም። አገሩ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ቀኑ በረዘመ መጠን፣ ከብቱ ውኃ ባጣ መጠን፣ የሁሉም ሰው ፍላጎት አንድ ይሆናል፤ እሱም እውነቱ እንዲወጣ ሳይሆን አንድ ስም እንዲወጣ ነው።

በኦክቶበር መጀመሪያ ስም ወጣ። ሁለት የበርማ ልጆች፣ ዕድሜያቸው 21 ገደማ፣ ደሴቲቱ ላይ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ። አምነዋል ተባለ። በፖሊስ ተከበው፣ ካሜራ ተደቅኖባቸው፣ «እንዲህ አድርገን ገደልን» እያሉ በዳርቻው ላይ እንዲያሳዩ ተደረገ። ጥቂት ቀን ቆይተው ግን ቃላቸውን አጠፉ፤ የተናዘዝነው ተደብድበንና ተዛቶብን ነው አሉ። ፖሊስ አልነካናቸውም አለ። በምርመራው ያስተረጎመላቸው ደግሞ ማን ነበር? በደሴቲቱ ሮቲ፣ ማለት ያን ስስ ቂጣ፣ እየጋገረ የሚሸጥ ሰው።

የሕጉ ተማሪ ይህን ሲያነብ ሁላችንም ሳቅን። አንዱ ብቻ አልሳቀም። እሱ ከቋንቋ ተማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ዝም ያለ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ነበር። በኋላ ነው የነገረን። ታላቅ እህቱ በአንድ የዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ነበረች። የአሠሪዋ ወርቅ ጠፋና ያዟት። የሚያስተረጉምላት ተብሎ የመጣው ከዚያው ሰፈር የሚሠራ አንድ ሾፌር ነው፤ አማርኛው ገበያ ላይ ከሰማው አያልፍም። «ፈርሚና ትተኛለሽ» አላት። ሁለት ቀን ቆማ ነበርና ፈረመች። ከወራት በኋላ ወደ አገር ቤት ሲሸኟት አንድ ወረቀት ሰጧት፤ በዓረብኛ የተጻፈ ነው። እስከ ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ አለ። ምን ብላ እንደፈረመች አታውቅም። ወርቁን ሰርቄያለሁ ብላ ይሁን፣ ደመወዜን ተቀብያለሁ ብላ ይሁን፣ እንጃ።

«ሮቲ ሻጩስ ቢያንስ ቋንቋቸውን ያውቃል» አለ ልጁ። ከዚያ ወዲያ ያን ሌሊት አልተከራከርንም።

በማግስቱ ግን ተከራከርን፤ እንዲያውም ጠነከረ። ሌባሻይ የሚለውን ቃል ያመጣነው ያን ጊዜ ነው። አያቶቻችን ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና፣ ልቡ ሲሰወር ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንደረደረ ሄዶ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ነው፤ የጠፋውን ይከፍላል። ከእኛ የአንዱ አያት ይህን በልጅነታቸው አይተዋል። ልጁ የባላባት ደጅ ላይ ሲወድቅ ግን አላየሁም ይላሉ። ልጁማ ምን ያውቃል፤ ገመዱን የያዘው ሰው ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ እኛ በሁለተኛው ሌሊት ፍርዳችንን ጨርሰን ነበር። ልጆቹ ንጹሐን ናቸው፤ ገመዱን የያዘው ፖሊስ ነው፤ የወደቀበት ደጅ የበርማዎቹ ነው። ገዳዩንም እናውቃለን! በደሴቲቱ ስለ አንዳንድ ሰዎች ብዙ ወሬ ተወርቷል፤ የሕጉ ተማሪ ያንንም አምጥቶ ነበርና ከስሞቹ አንዱን አንስተን «ይሄ ነው» አልን። ያልነው ሰው በዚህ ወንጀል ተከሶ አያውቅም። ፊቱን አናውቅም። ቋንቋውን አናውቅም። ግን ፈረድን፤ ሻይ እየጠጣን።

ያቆመን የሕጉ ተማሪ ራሱ ነው። «የፍርዱን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቤላችሁ ከዚያ ስቀሉት» አለ።

ችሎቱ በጁላይ 2015 ኮ ሳሙይ በምትባለው ጎረቤት ደሴት ተጀመረ። ዐቃቤ ሕግ የተመካው በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ነው። ከሴቲቱ ሰውነት የተወሰደው ናሙና ከሁለቱ ልጆች ጋር ገጥሟል አለ። ከዚህም በላይ የሟቹ ስልክ ከልጆቹ ማደሪያ አጠገብ ተገኝቷል። ልጆቹም ያን ሌሊት በዳርቻው አካባቢ ጊታር እየመቱ ሲጠጡ እንደነበር አልካዱም፤ ስልኩንም ከመካከላቸው አንዱ መሬት ወድቆ አገኘሁት አለ። ይህን ስንሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ በሠራነው ታሪክ ውስጥ ልጆቹ ዳርቻው ላይ አልነበሩም፣ ስልክም አልነበረም።

ተከላካዮቹ ደግሞ የናሙናው ሰነድ የተሟላ አይደለም፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንዳለፈ በወጉ አልታየም ብለው ተከራከሩ። በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑት የፎረንሲክ ሐኪም ፖርንቲፕ ሮጃናሱናን ለመከላከያ ቀርበው መሰከሩ። ዶማው በእሳቸው ተቋም ሲመረመር የተገኘው ዲ.ኤን.ኤ. የተከሳሾቹ አልነበረም። የኬሚስትሪው ልጅ እዚህ ላይ ብድግ አለ። በዚህ ነገር እሱን መስማት ይጠቅማል። «ማሽኑ አይዋሽም» አለ፤ «ግን ማሽኑ የሚያውቀው የሰጡትን ብልቃጥ ብቻ ነው። ብልቃጡ ላይ ስም የሚጽፈው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው የማሽኑ አይደለም፤ ብልቃጡን ማን ያዘው፣ መቼ ለማን ሰጠው፣ ማን ፈረመ ነው። ያ ወረቀት ከጎደለ እኔ ልክ ነው ልል አልችልም። ውሸት ነው ልልም አልችልም።»

ከሁሉ የከበደን ይህች የመጨረሻዋ ናት። ውሸት ነው ለማለትም አለመቻል።

ፍርድ ቤቱ ድብደባው አልተረጋገጠም፣ የዲ.ኤን.ኤ. ሥራውም ደንቡን የተከተለ ነው ብሎ ዲሴምበር 24 ቀን 2015፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ ሁለቱንም በሞት ቀጣ። የሟቹ ወጣት ቤተሰብ ፍርዱን ተቀበሉ፤ ከአስቸጋሪ አጀማመር በኋላ ምርመራው ጥንቃቄ የተመላ ነበር አሉ። እኛ ሦስት ሌሊት ስንጮኽ እነዚህ ሰዎች ችሎት ተቀምጠው ማስረጃውን እንደሰሙ አላሰብንም ነበር። ልጃቸውን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ተሳስተው ይሆናል፤ ግን እኛ ከእነሱ የበለጠ የምናውቀው ምን ነበረና?

በማያንማር ሕዝቡ ወጣ። ያንጎን ከተማ በታይላንድ ኤምባሲ ደጅ ቀናት ሙሉ ተሰለፈ። የጦሩ አዛዥ ሚን አውንግ ህላይንግ ማስረጃው እንደገና ይታይ ብለው ታይላንድን ጠየቁ፤ እኚህ ሰው ናቸው በ2021 በገዛ አገራቸው መንግሥት የገለበጡት። ባለሥልጣን ለስደተኛው የሚቆረቆረው ስደተኛው የሌላ አገር ፖሊስ እጅ ሲገባ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ እኛ ሐበሾች እናውቃለን። የእንግሊዝ ፖሊስም ታዛቢ ልኮ ነበር፤ የጻፈው ሪፖርት ለተከሳሾቹ ይሰጥ ሲባል የለንደን ፍርድ ቤት በ2015 አልፈቀደም። ይግባኙ በ2017 ወደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2019 አጸናው። በኦገስት 2020 በንጉሥ ምሕረት ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በመካከሉ፣ በ2018፣ አንዲት ወጣት እንግሊዛዊት በዚያችው ደሴት ተደፈርኩ ብላ ስትናገር፣ የታይላንድ ፖሊስ ወሬውን ያሰራጩትን ሰዎች ሰብስቦ አሰረ። ይህ እምነት ለመመለስ የተደረገ ነገር ከሆነ፣ ኧረ ተዉን።

ታዲያ ልጆቹ ገድለዋል ወይስ አልገደሉም? አናውቅም። ሦስተኛው ሌሊት ያለቀው እዚህ ላይ ነው፤ ደስ አላለንም። የተናደድነውም መጀመሪያ በተናደድንበት ነገር አይደለም። ድሮ ፖሊስ ሲሳሳት የሚጎዳው የታሰረው ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ልጆቹ ጥፋተኛ ቢሆኑ እንኳ ነገሩ አልጸዳም፤ ተርጓሚው፣ ካሜራው፣ የጎደለው ወረቀት ተሰብስበው እውነተኛ ፍርድን ሐሰተኛ ያስመስሉታል። ንጹሐን ቢሆኑ ደግሞ ገዳዩ በየትኛውም ባሕር ዳር ተቀምጦ ቢራ እየጠጣ ነው። በሁለቱም መንገድ የሁለቱ ሟቾች ነገር ሳያልቅ ቀረ። ያ እኛ «ይሄ ነው» ያልነው ሰውም አለ፤ ጥፋት ከሌለበት ከእኛ ስም ማጥፋት በስተቀር ከምርመራው ምን አተረፈ? የሕጉ ተማሪ በክፍል ውይይቱ ላይ ስሙን እንዳያነሳ ተስማማን። እሱም ቀድሞ ሰርዞታል።

መብራት ልናጠፋ ስንል ያ ዝምተኛው ልጅ ከሻንጣው አንድ ፖስታ አወጣ። የእህቱ ወረቀት ግልባጭ ነው፤ ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። ከእኛ መካከል ቁርኣን ቤት የተማረው የኬሚስትሪው ልጅ ተቀበለውና ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ረጅም ጊዜ አየው። «የእጅ ጽሑፉ ክፉ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ቀን ነው። ይሄ ቁጥር ነው፣ አራት መቶ። ይቺ ቃል ደግሞ... ወይ ‹ተቀበለች› ናት ወይ ‹አመነች›፤ ቆይ።»

ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ተወው ግዴለም፣ በደንብ እየው» አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አራታችንም ጎንበስ አልን።