ሦስት ቀን በሐረር፦ ከአብሽ መረቅ እስከ ሂና

ጓደኛዬ «ሲስተር፣ ጡረታ የወጣሽው ቤት ለመቀመጥ ነው እንዴ? ነይ እንጂ አቦ!» እያለች ስትወተውተኝ ሁለት ዓመት ሆናት። እሷም እንደ እኔ ነርስ ነበረች። በተማሪነታችን አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ኖረናል፤ ከዚያ እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ፣ እሷ አገሯ ሐረር ተመልሳ እስከ ጡረታዋ አገለገለች። ዘንድሮ የልጅ ልጄ የአጋማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ የምቀርበት ሰበብ አጣሁ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስለ ሐረር የምታውቀው ሰው ጅብ እንደሚያበላ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሳን። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ ጭሮን አልፈን ወደ ደጋው ስንወጣ ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ጨለንቆና ቁልቢ ላይ ቀስቅሼ አሳየኋት። ሐሮማያ ስንደርስ «ሐይቁ ደርቋል ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። እውነትም ደርቆ ነበር፤ አሁን ውኃው ተመልሷል። ማታ ሐረር ስንገባ ጓደኛዬ በነጠላ ጫማ መናኸሪያው ድረስ መጥታ ጠበቀችን።

ቤቷ ጀጎል ውስጥ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የሚከበው ይህ አሮጌ ከተማ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። 82 መስጊዶችን የያዘ ሲሆን ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት፤ እሷን የገረማት ግን ሌላ ነው። ሱቅ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ እኔን «አንቺ እናቴ፣ ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ ዓይኗ ፈጠጠ። «እማዬ፣ አንቺ አለሽ እኮ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ሐረር ላይ ትልቁም ትንሹም «አንቺ» እና «አንተ» ነው፤ ንቀት የለበትም፣ ፍቅር ነው ብዬ አስረዳኋት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጓደኛዬን አያት እያለች «አንቺ» ማለቱን ለመደችው።

የሐረሪ ቤት ውስጡ በደረጃ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ግድግዳው ላይ የስፌት ሥራ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል። ወለሉና የነደባው ጠርዝ ቀይ ነው። ቀይነቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ጨለንቆ ጦርነት ላይ የወደቁትን ያስታውሳል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከአንድ ቀን በፊት በአውቶቡስ ያለፍንባት ጨለንቆ መሆኗን ስነግራት ልጅቷ ወለሉን በጣቷ ዳሰሰችው።

አርብ ጠዋት ወጥ ቤት ገባን። ጓደኛዬ ሁልበት መረቅ ልትሠራልን አስባለች። ሁልበት አብሽ ነው። የተፈጨው አብሽ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ላይ የቀረረው መራራ ውኃ ይደፋል፤ ከዚያ የቀረው ነጭ ሆኖ አረፋ እስኪሠራ በማንኪያ ይመታል። መምታቱ የልጅቷ ሥራ ሆነ። ክንዷ ሲዝል ወደ እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ ወደ ጓደኛዬ ምራት ይዞራል። የተመታው አብሽ የሚጨመረው መረቁ ሊወጣ ሲል ነው፤ እንጀራ ላይ ፈሰስ ተደርጎ ይበላል።

ባህሉ በሥጋ ነው። ጓደኛዬ ግን የእኔን ድስት ለብቻ ጥዳ በድንች፣ በቲማቲምና በቃሪያ ሠራችልኝ። ቀኑ አርብ፣ እኔም ጿሚ ነኝ፤ በፍስክ ቀንም ቢሆን የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የሚባለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪ ሳለንም እንዲሁ ነበር፤ ሁለት ድስት፣ አንድ ማዕድ። አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። ልጅቷ «ለምን ሁለት ድስት?» ብላ ስትጠይቅ ጓደኛዬ «ሁለት ሆዶች ስላሉን» አለቻት፤ ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አንባቢያን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አብሽ በብዛት ሲወሰድ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከመጠን አታሳልፉ።

ከምሳ በፊት ግድር መጋላ ወጥተን ሂና ገዛን። ጥሩ ሂና አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ሽታው የደረቀ ሣር ይመስላል። ሻጭዋ ሂናውን መዝና ስትጨርስ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዱቄት ያለባት ፌስታል ጣል አደረገችበት። «ይህቺን ከቀላቀልሽ እንደ ወጣትነትሽ ጥቁር ይሆንልሻል፤ ለልጅቷም እጅ ያምራል» አለችኝ። ልጅቷ ዓይኗ በራ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን፤ ሁለታችንም አንድ ነገር አስታወስን።

ከስምንት ዓመት በፊት ሽበቴን ጥቁር ቀለም ተቀባሁ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ አብጦ ዓይኔ ተከደነ፤ የራስ ቅሌ ውኃ ቋጠረ። ዕድሜዬን ሙሉ ለበሽተኛ «መድኃኒቱን ከመጠቀምህ በፊት ጠይቅ» ስል የኖርኩ ሴት ማሸጊያውን እንኳ አላነበብኩም ነበር። ሂና ከተክል ቅጠል የሚገኝ ሲሆን ቀለሙ ብርቱካንማ፣ ቀይ ወይም ቡናማ ነው፤ ብቻውን ጥቁር አይሆንም። «ጥቁር ሂና» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተቀላቀለበት ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ነው። ለሁሉም አያሳብጥም፤ የቆዳ አለርጂ ያመጣበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ በሌላ ጊዜ የሚቀባው የፀጉር ቀለምም ሊጎዳው ይችላል። በልጅ እጅ ላይ የሚሳል ጥቁር ሂና ውኃ ቋጥሮ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ፌስታሏን ለሻጭዋ መለስንላት። ልጅቷ አኮረፈች። እስከ ጀጎል በር ድረስ አላናገረችኝም።

ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሂና በጥብጠን የእኔንም የእሷንም ክንድ መታጠፊያ ነካ አደረግነው። እስከ እሁድ፣ ማለትም 48 ሰዓት፣ ካላሳከከና ካልቀላ መቀባት ይቻላል አልናት። የጓደኛዬ ምራት የአንድ ወር ሕፃን አላት፤ «ለእሱም እግሩ ላይ ትንሽ ነካ ላድርግለት?» ስትል ሁለት ነርሶች በአንድ አፍ «አይሆንም!» አልን። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። እንዲህ ላለ ሕፃን ንጹሕ ሂናም ቢሆን በቆዳው ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስ፣ ዓይኑን ቢጫ ሊያደርግ ይችላል። ሕፃኑ ይህ ችግር እንዳለበት ሳይመረመር በዓይን አይታወቅም። አያቶች፣ እባካችሁ ለአራስ ልጅ ሂና አትቀቡ።

እሁድ ማለዳ 100 ግራም የሚሆን ሂና በሎሚ ጭማቂና ለብ ባለ ሻይ እንደ እርጎ አወፍረን በጥብጠን ሸፈንነው። ቀለሙ እስኪወጣ ቡናችንን አፈላን፣ ቆሎ በላን፣ የሞቱትንና ያሉትን የክፍል ጓደኞቻችንን ቆጠርን። ከቀትር በኋላ የክንዳችን ቆዳ ደህና መሆኑን አይተን ጀመርን። ጓደኛዬ ጓንት አጥልቃ፣ ግንባሬን ቫዝሊን ቀብታ፣ ፀጉሬን እየከፈለች ቀባችኝ። የልጅቷ መዳፍ ላይ አንድ ክብ ቀይ ሂና ተደረገላት፤ ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ። ራሴን በፌስታል ጠቅልዬ ሦስት ሰዓት ነደባው ላይ ተጋደምኩ። እንዲህ ያለ ምንም የማይሠራበት እሁድ መቼ እንዳሳለፍኩ አላስታውስም።

የልጅቷ እናት፣ ልጄ፣ ዓረብ አገር ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። በየእሁዱ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። ከዚያ እብጠት ወዲህ ቀለም ነክቼ ስለማላውቅ ፀጉሬ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ነጣ። ይህን እንዳታይ ስልኩ ሲጮኽ ሻሼን ማሰር ልማዴ ነበር። ያን ዕለት ግን ፀጉሬ እርጥብ ስለነበር ሻሽ አላሰርኩም፤ ቀይ ሆኖ ያምራል ብዬም ልቤ ሞልቷል።

ልጄ አይታኝ መጀመሪያ ሳቀች። ፀጉሬ የበሰለ ብርቱካን መስሎ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። «እማዬ፣ ሂና እኮ እንደዚህ የሚደምቀው ነጭ ላይ ነው። ሁሉም ነጭ ሆኖ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ምን ልበላት? እሷም ያለችበት አገር ሂና አይታለች፤ ታውቃለች። ጥቁር ፀጉር ላይ ሂና እምብዛም አይታይም፤ ሽበቱን ግን አጉልቶ ያሳያል። ልደብቀው ያሰብኩትን በገዛ እጄ ገለጥኩት።

«አዎ ልጄ፣ ነጭቷል። ደህና ነኝ ግን» አልኳት። የልጅ ልጄ በመሀል ገብታ መዳፏን ካሜራው ላይ ለጠፈችበት፤ አብሽ መምታት እንደቻለች፣ ሐረር ላይ ሰው ሁሉ «አንቺ» እንደሆነ ታወራላት ጀመር። ልጄ ዓይኗን እየጠረገች ታዳምጣለች። ስናበቃ «ከእንግዲህ ሻሽ እንዳታስሪብኝ» አለችኝ።

ማክሰኞ ተመለስን። ቀለሙ በሁለተኛው ቀን ጠቆር ብሎ የመዳብ መልክ ያዘ። ጓደኛዬ የተፈጨ አብሽና የተረፈውን ሂና በሁለት ዕቃ አሽጋ ሰጥታኛለች። ልጄ ለፋሲካ ትመጣለች። እስከዚያ ሥሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ሂናውን ደግሜ ልቀባው ብዬ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ ያለ ሻሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ እቀበላታለሁ። ሁልበት መረቁን ግን እሠራላታለሁ፤ አብሹን የምትመታው ልጇ ናት።