ምላጭ፣ ድንጋይና ጠፍር በጀጎል

ሐረርን ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግንቡና ስለ ጅቦቿ ሰምቶ ነው የሚመጣው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስላሠሩት የጀጎል ግንብ፣ ስለ 5ቱ ጥንታዊ በሮችና በውስጡ ስላሉት 82 መስጂዶች፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ብዙ ተጽፏል። ውድ አንባቢያን፣ እኛ ዛሬ ይዘናችሁ የምንዞረው ግን አንዲት ትንሽ የብረት ዕቃ ፍለጋ ነው፤ ምላጭ።

ከፈረስ መጋላ ተነሥተን በመኪና ግርግር ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ መቀሳቸውን፣ ጊድር መጋላ ያሉት ሥጋ ሻጮች ደግሞ ቢላዋቸውን ይዘው ሲሠሩ ላየ ሰው፣ ጀጎል በስለት የሚተዳደር ብዙ ሰው እንዳለባት ይገባዋል። ከሁሉም ረቂቁ ስለት ግን የፀጉር አስተካካዩ ነው።

የፈለግናቸው አዛውንት ሱቅ፣ በተለምዶ ሸዋ በር ከምንለው ከአስማዲን በሪ ብዙም አይርቅም። ከሙያ ባልደረባችን ጋር ገብተን ሰላምታ ካቀረብን በኋላ የምላጭ አሳሳል ለመማር መምጣታችንን ነገርናቸው። ሳቁ። «ልጆቼ፣ ዛሬ ምላጭ ገዝቶ መጣል እንጂ መሳል ማን ይፈልጋል?» አሉን። ቢሆንም ከግድግዳው መደርደሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ታጣፊ ምላጭ አወረዱ። ከእጀታው ሥር የዞሊንገን ስም ተቀርጾበታል። ይህች የጀርመን ከተማ ከእንግሊዟ ሼፊልድ ጋር በስለት ሥራ ስሟ የሚጠራ ናት።

መሳያው ድንጋይ እጅግ ደቃቅ፣ ገጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት። አዛውንቱ በውኃ ካረሱት በኋላ ምላጩን አጋደሙት፤ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን ባንድ ጊዜ ይነካሉ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ቢላዋ ሲሳል ልኩን የሚጠብቀው የሳዩ እጅ ሲሆን፣ የምላጭን ልክ የሚጠብቀው ግን የራሱ ወፍራም ጀርባ ነው። ስለቱን አስቀድመው ይገፉታል፤ ከዳር ሲደርስ በጀርባው ላይ ገልብጠው ይመልሱታል። እጃችንን ይዘው አለማመዱን። ክብደት አይጣልበትም፤ የብረቱ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።

ቆዳው ጠፍር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል፤ ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጣል፣ እሱም ይዶለዱማል። ጠፍር እንደ ድንጋይ ብረቱን አይበላም፤ በዓይን የማይታየውን የተጣመመ ጫፍ ያቃናል እንጂ። ስለዚህ ድንጋዩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሲያስፈልግ፣ ጠፍሩ ግን ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ከ30 እስከ 50 ምልልስ ይፈልጋል። ከተላጩ በኋላ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅና ጥቂት ዘይት መቀባት ነው። እርጥቡን ያጠፉት ምላጭ ይዝጋል፤ ስለቱን ዝገት ከበላው ደግሞ እንደገና ወደ ድንጋይ መመለስ ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የሚል ወጣት አይጠፋም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከፊጥራ ከቆጠሯቸው ነገሮች አንዱ የብልት አካባቢን ፀጉር መላጨት ሲሆን፣ በሐዲሱ የመጣው «ኢስቲሕዳድ» የሚለው ቃል ራሱ «ሐዲድ» ከሚለው፣ ማለትም ከብረት የተገኘ ነው። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት መሠረት ይህ ከ40 ሌሊት በላይ አይቆይም። አራጅ ቢላዋውን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ የታዘዘበት ሐዲስም በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ለሚታረድ በግ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሕፃን ራስ ቆዳ የደነዘ ስለት ይዞ መቅረብ እንዴት ይታያል?

ይሁንና የተሳለ ምላጭ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ በ1986 ነው። የጉበት በሽታ የሚያስከትለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ይቆያል፤ ደሙ በዓይን ባይታይም እንኳ። በሽቶና በጨርቅ መጥረግ ይህን አያስወግድም። አዛውንቱም ያን የሚሳሱለትን ምላጭ የሚጠቀሙበት የራሳቸውን ራስ ለመላጨት ብቻ ነው። ለደንበኛ ሁሉ አዲስ ምላጭ ፊቱ ይፈታሉ፣ ከዚያ ይጥሉታል። አንድ ምላጭ ለአንድ ሰው የሚለው ሕግ በየቤቱም ቢገባ እንወዳለን፤ አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም ሲዋዋሱ ብዙ ጊዜ እናያለንና።

እኛ እዚያው ሳለን አንድ ጎልማሳ ገባ። ሚስቱ በሰላም ተገላግላለች፤ በማግስቱ 7ኛ ቀን ነው፣ ዐቂቃ አለ። «ሐጂ፣ እኔን በላጩበት በዚያው ምላጭ ልጄንም ይላጩልኝ፤ እናቴ ለበረካ ብላ ነው» አላቸው።

አዛውንቱ የያዙትን ምላጭ አጥፈው በጨርቁ ጠቀለሉት። «ልጄ፣ በረካው ከአላህ ነው እንጂ ከዚህ ብረት አይደለም። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝና ይህንኑ ንገራቸው» አሉት።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ዝም አለ። «እሷ ቅር ይላታል» አለ ቀጥሎ።

«ቅር ካላቸው ጧት ስመጣ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። እናንተ ብቻ ሙቅ ውኃ አዘጋጁ።» ከመሳቢያው ወረቀቱ ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ አውጥተው አሳዩት። ጎልማሳው አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። የልጁ ፀጉር በብር ተመዝኖ ለሚስኪን ስለሚሰጥ፣ ሚዛን ያለው ብር ሠሪ ነገ ሱቁን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ጠይቋቸው ወጣ።