ሆድ ያለው ሸክላ

የፎገራ የመጀመሪያው ቀራፂ እኔ ነኝ ብል ተከራካሪዬ ብዙ ነው፤ ወረታ ዙሪያ በክረምት ከብት የጠበቀ ሁሉ ማዕረጉን ይጋራኛል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ዋልካው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ እኛም ከብት እንሠራበታለን። የፎገራ ከብት ቀንደ አጭር ነው። የኔ ወይፈን ግን ቀንዱ ከወገቡ ይረዝማል (ረቂቅ ጥበብ የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም)። ፀሐይ ሲያገኘው ታዲያ ከሻኛው እስከ ጭራው ይሰነጠቃል።

«ልጄ፣ ገል ያልገባበት ጭቃ መች ይጸናል?» አለችኝ አያቴ።

እውነቷን ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሸክላ ሠሪ ስባሪውን ፈጭታ ከጭቃው ጋር የምታቦካው ለዚሁ ነው፤ ከዘንድሮው እንስራ ውስጥ የአምናው ገል አለ።

እንስራ አፍ አለው፣ አንገት አለው፣ ጆሮ አለው፣ ሆድ አለው። የቀረው ዓይን ነው፤ እሱን ለሠሪዋ ሰጠናት፣ «ቡዳ ናት» ብለን። ውሃውን ከእንስራዋ እየጠጣን እሷን ቀና ብለን ማየት እንፈራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ አዋጁ እኛ መንደር ገና አልደረሰም።

ከጎንደር ከተማ አለፍ ብላ ባለችው ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለ መዘውር በእጃቸው ድስትና ጀበና ይሠሩ ነበር። ቱሪስት መጣ። ፈረንጅ ጋን አዝሎ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ስለዚህ ትንንሽ የይሁዳ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ልጅ የታቀፈች እናት ተሠሩ። ጥበቡ የተለካው በሻንጣ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ሲጓዝ ግን የሄዱት ሠሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ናይሮቢ የተወለደችው ሸክላ ሠሪ ማግዳሊን ኦዱንዶ ገንቦዋን እያለሰለሰች እንዲህ ከፍ አድርጋዋለች፦ ሴት ስትለው ገንቦ፣ ገንቦ ስትለው ሴት። ዓለም ተደነቀ። እኛ እኮ ቃሉን ድሮ ጨርሰነው ነበር፤ ሲከፋን የሚባባው ሆዳችን፣ ምሥጢራችንንም የሚፈጀው ሆዳችን ነው።

ባለፈው ክረምት ወረታ ሄድኩ። የልጅነት መዋያዬ ሩዝ ሆኗል። ከማሳው ዳር ጭቃ ዘገንኩ፤ የተሰበረ ጀበና ፈጭቼ አቦካሁ። ቀንድ የለውም፣ አንገት የለውም፤ የወጣልኝ አንድ ክብ ነገር ነው። ደረቀ፣ አልተሰነጠቀም።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለኝ የእህቴ ልጅ።

«ሆድ ነው።»

«የማን?»