ብድር በምድር፣ ጨዋታ በደመና

የዓለም ፍጻሜ በልብ ወለድ ውስጥ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ደራሲ በእሳት ይጨርሳታል፣ ሌላው በውኃ፣ ሌላው በወረርሽኝ። እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው “ማሽኑ ሲቆም” ልንለው በምንችል አጭር ልብ ወለዱ፣ ሰዎች ከምድር በታች በየክፍላቸው ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ምግቡንም ሙዚቃውንም ወሬውንም አንድ ግዙፍ ማሽን እያቀረበላቸው ሲኖሩ ያሳየናል። አንድ ቀን ማሽኑ ይቆማል፤ እነርሱም አብረውት ያልቃሉ። ሰሞኑን አንብቤ የጨረስኩት የአሜሪካዊው የኧርነስት ክላይን “ሬዲ ፕሌየር ዋን” ግን ነገሩን ገልብጦታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቆመው ዓለሙ ነው፤ ማሽኑ ይሠራል።

መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በማግስቱ ዓመትም በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በኩል፣ ለአዋቂዎች ተጽፈው ወጣቶችን ለሚማርኩ መጻሕፍት የሚሰጠውን የአሌክስ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ2045 ነው። ነዳጁ ተሟጧል፣ ሥራ ጠፍቷል። በኦክላሆማ ሲቲ ዳርቻ ድሆች ተጎታች ቤቶችን አንዱን በሌላው ላይ በብረት ደራርበው ይኖራሉ። ከእነዚህም በአንዱ ውስጥ ዌድ ዋትስ የተባለ ወላጅ አልባ ወጣት ከአክስቱ ዘንድ ተጠግቷል። ይሁንና ዌድ እውነተኛ ኑሮውን የሚኖረው እዚያ አይደለም። መነጽርና ጓንት አጥልቆ ኦኤሲስ ወደሚባል የጨዋታ ዓለም ይገባል። ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው፤ ጓደኛውም እዚያ ነው፤ የሚያፈቅራትም እዚያ ናት። የዚህ ዓለም ፈጣሪ ጄምስ ሃሊደይ ወራሽ ሳይኖረው ሲሞት፣ ከ240 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብቱንና የኦኤሲስን ሥልጣን፣ በጨዋታው ውስጥ የተደበቁ ሦስት ቁልፎችን አግኝቶ ሦስት በሮችን ለሚያልፍ ሰው ይተዋል። ዓለም ሁሉ ቁልፍ ፍለጋ ይወጣል።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ ከቁልፎቹ ይልቅ ዓይኔ ያረፈው በሒሳቡ ላይ ነው። ወደ ኦኤሲስ መግቢያው ለዕድሜ ልክ ሃያ አምስት ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚህ የረከሰ ምን አለ? ውስጡ ከገቡ በኋላ ግን ከፕላኔት ወደ ፕላኔት መጓዙ በገንዘብ ነው፣ ልብሱ በገንዘብ ነው፣ ሰይፉ በገንዘብ ነው። ዌድ የትራንስፖርት መክፈል አቅቶት ትምህርት ቤቱ ባለበት ፕላኔት ላይ ታግቶ ይቀራል። ድሃ በሕልሙም ድሃ ነው ማለት ይህ አይደለምን? የኦኤሲስ ገንዘብም ከጊዜ በኋላ ከዶላርና ከዩሮ የጸና ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ አላስደነቀኝም። ገንዘብ ከጥንትም ቢሆን ሰዎች “አለ” ብለው ስላመኑበት ያለ ነገር ነውና።

ያስደነገጠኝ ዕዳው ነው። አባቶቻችን “ብድር በምድር” ሲሉ፣ መልካምም ክፋትም እዚሁ ይመለሳል ማለታቸው ነበር። በዌድ ዓለም ግን ተረቱ ቃል በቃል ይፈጸማል፤ ጨዋታው በደመና ሆኖ ብድሩ የሚሰበሰበው በምድር ነው። አይ.ኦ.አይ. የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ካርዱን መክፈል ያቃተውን ሰው ቤቱ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል፤ ዕዳውን እስኪጨርስም በግዳጅ ያሠራዋል። ታዲያ ከደመወዙ ላይ ግብሩና ቅጣቱ ወለዱም ሲቀነስ፣ ወር በመጣ ቁጥር ዕዳው ይጨምራል እንጂ አይጎድልም። ዌድ ራሱ የኩባንያውን ምስጢር ለመስረቅ ሲል በሐሰተኛ ስም ባለዕዳ ሆኖ ተይዞ ይገባል፤ ለደንበኞች በስልክ የቴክኒክ እርዳታ በመስጠት ሥራም ይመደባል። ደራሲው ክላይን መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት በኦስቲን ከተማ በመድረክ ላይ ግጥም የሚያነብ፣ እንጀራውን ግን ከሌሎች ሥራዎች ጋር በዚሁ በቴክኒክ እርዳታ ሠራተኝነት ይበላ የነበረ ሰው ነው። ቀን በጠረጴዛ ሌሊት በስንኝ የሚኖር ሰው የጻፈው መሆኑን ሳውቅ፣ እነዚያን ገጾች ደግሜ አነበብኳቸው።

መጽሐፉ እንከን የለሽ ነው አልልም። የሰማንያዎቹ ፊልሞችና ጨዋታዎች ስም ዝርዝር አንባቢን ያደክማል። ከዚያ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፤ ዌድ መውጫውን አዘጋጅቶ ነበርና ከግዳጁ ቤት ያመልጣል፣ ትረካውም አብሮት ወደ ቁልፎቹ ይከንፋል። መውጫ ያላዘጋጁት ባለዕዳዎች ከኋላ ይቀራሉ።

በመስኮቴ በኩል ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ክረምት አንድ ረፋድ ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ። “ሲስተም የለም” የሚለውን ቃል የማያውቅ የባንክ ደንበኛ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ወር በገባ ቁጥር ልጃቸው ከዓረብ አገር የምትልክላቸውን ሊወስዱ የሚመጡ እናት ከፊቴ ቆመው ነበር።

“ልጄ፣ ደብተሬ እኮ ይኸው በእጄ ነው” አሉኝ።

“እማማ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ትንሽ ይታገሡ።”

“መድኃኒቱ ግን አይታገሠኝም።”

እኔ አውቃቸዋለሁ። ስማቸውን፣ ፊርማቸውን፣ የሚያመጡትን ዘንቢል ሳይቀር አውቃለሁ። ገንዘባቸውም አለ። ነገር ግን የእኔ ማወቅ ማወቅ አይደለም፤ የሚያውቃቸው ማሽኑ ነው፤ እርሱ ደግሞ ዝም ብሏል። በዚህ መካከል ከሰልፉ ውስጥ አንድ ወጣት ሁለት መቶ ብር አውጥቶ በእጃቸው አኖረ። “የት አግኝቼህ እመልሳለሁ?” ቢሉት “ብድር በምድር ነው፣ እማማ” ብሎ ወጣ። እርሳቸው ግን በማግስቱ መጥተው ሁለት መቶውን ብር በወረቀት ጠቅልለው ለጥበቃችን በአደራ ሰጡት። ከሳምንት በኋላ ወጣቱ ሲመጣ ጥበቃው ፊቱን ዐውቆ አስረከበው። ቅጽ አልተሞላም፤ ደረሰኝ አልተቆረጠም። ያች ብድር በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳትሰፍር ተከፈለች።

ይህን ስል ማሽን ይጥፋ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ሃሊደይ ለአሸናፊው ኦኤሲስን ከነሥሩ የሚያጠፋ ቀይ አዝራር ያሳየዋል። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ2018 በሠራው ፊልም ደግሞ ወጣቶቹ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ይዘጉታል። ፊልሙን ያየው የአሥራ ስድስት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ “ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ቀዩን ትጫነዋለህ?” ብሎ ጠየቀኝ። አልጫነውም አልኩት፤ ያች እናት የልጃቸውን ላብ የሚያገኙት በዚያው ማሽን በኩል ነውና። “አንተስ?” አልኩት። እርሱ በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውል ልጅ ነው። ጥቂት አሰበና “እኔ ብቻዬን የምጫወትበትን ቀን ብቻ እዘጋለሁ” አለኝ። እዚያ ቤት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሚጫወቱት፤ የተሸነፈ ተነሥቶ ለተረኛው ይለቃል፣ ሳንቲም የጎደለበትም ከጓደኛው ይበደራል።

ከልጁ መልስ በኋላ የዌድን ጓደኛ አስታወስኩ። ዌድ ለዓመታት ኤይች ብሎ የሚያውቀው ወዳጁ በኦኤሲስ ውስጥ ነጭ ወንድ ነበር። በአካል ሲገናኙ ግን ሄለን የምትባል ጥቁር ልጃገረድ ሆና ያገኛታል። ነጭ ወንድ መስላ ብትታይ የተሻለ ዕድል እንደሚገጥማት የነገረቻት እናቷ ናት። ዌድ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቆይቶ ግን ያው ወዳጁ መሆኗን ይረዳል። ከሦስቱም ቁልፎች ይልቅ ይህች ግንኙነት ትበልጥብኛለች። የፎርስተር ሰዎች ማሽኑ በቆመ ጊዜ የጠፉት፣ ከማሽኑ በቀር የሚተዋወቁበት መንገድ ስላልነበራቸው ይመስለኛል። እኛ ገና አለን። እስካለን ድረስ በሲስተሙ እንጠቀም፤ ፊት ማወቁን ግን አንተወው።

መረቡ ሲበጠስ፣ መስኮቱ ሲጨልም፣
ፊት የሚያውቅ ካለ፣ ዓለም አልቃ አታልቅም፤
ጥሪት በቁጥር ነው፣ ቁጥርም በመብራት፤
አደራ ግን ያድራል፣ በሰው ልብ በእምነት።