አያቴ ያወቁት ሥዕል

ዓለም ከጠፋ በኋላ ብቻቸውን ስለ ቀሩ ሕፃናት የሚተርክ የሥዕል ልብ ወለድ በዚህ ዓመት አነበብሁ። ሥዕሉን ለአያቴ ሳሳያቸው፥ «ይህማ ክፉ ቀን ነው» አሉኝ።

ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የሚያርሱትን በሬዎች ፈጀ፤ (በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል)። የአያቴ አያት ገና ልጅ ሳለች ከታናሽ ወንድሟ ጋር ጉና ሥር ብቻዋን ቀረች። የቀራቸው አንድ ቁና የዘር ገብስ ነበር። ወንድሟ «እንቁላው» እያለ ሲያለቅስባት ዘሩን ተንተርሳ አደረች። እኔ ብሆን፥ እውነቱን ልናገር፥ ቆልቼ በበላሁት። እርሷ ግን በሬ ስለሌለ በዶማ ቆፍራ ዘራችው። የመጽሐፉ ልጆች ጠመንጃ ይፈልጋሉ እንጂ ስለ ዘር አንድም አያነሡም።

አያቴ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ገብሱ ሲያሸት ወንድሟ አልነበረም።