ቧንቧው ላይ የተሠራ ቤት

ቴፒ ዝናብ ቸግሯት አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይዘንባል፤ ጭቃው ባጃጅ ያቆማል፣ ጫካው ሲንጠባጠብ ይውላል። ከሰማይ እንዲህ እየወረደ ውሃው ከቧንቧ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ፓምፕ ይበላሻል፣ መለዋወጫ ይጠፋል። ይሄን ሁላችንም ስናወራው እንውላለን። ብዙ የማይወራው በውሃ መስመር ላይና ዳር የሚሠራው ቤት ነው፤ እሱንም ማን አይቶ፣ ማን ያስቁመው የሚለው ጉዳይ።

ቡና አገር ላይ የቧንቧ መስመር ሲዘረጋ ያየ ያውቀዋል። ቦዩ ሲቆፈር በመንገዱ ያለው ቡና ይነቀላል፣ ባለቤቱም በእግር ተቆጥሮ ካሳ ይወስዳል ወይም እስኪከፈለው ይጠብቃል። ቧንቧው ተቀብሮ አፈሩ ሲመለስ ጥቅጥቅ ካለው ቡናና ጥላ ዛፍ መሃል ቀጥ ያለ፣ የተመነጠረ መሬት ይቀራል። ለቤት ፈላጊ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ቡና አይነቀልበት፣ ዛፍ አይቆረጥበት። እግረኛው ቶሎ መንገድ ያደርገዋል፣ መንገዱን ተከትሎ ሱቅ ይመጣል። ጨረቃ ቤት ደግሞ ሁልጊዜ በሌሊት አይቆምም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀበሌ እያወቀው፣ በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ውል የሚቆምም አለ። ሻጩ ካሳው ዘግይቶበት ይሆናል፣ ገዥው ቁጠባውን አራግፎ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም ሌባ ለማለት አልደፍርም።

ቤቱ ጭቃ ቤት ከሆነ "ምን ይከብዳል?" ይባላል። ክብደቱስ እሺ። ቧንቧው ሲፈነዳ ግን ሠራተኛው ዶማውን ይዞ መጥቶ የሚያገኘው የሲሚንቶ ወለል፣ አልጋና ቁም ሣጥን ነው። የሰው ቤት ወለል አፍርሶ መቆፈር ስለማይቻል ጥገናው ይቆያል፣ ውሃው መሠረቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላል።

ከዚህ የባሰው ሽንት ቤቱ ነው። ቤት ካለ ጓሮ ጉድጓድ ይኖራል፤ እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ጉድጓዱ በክረምት ሞልቶ ዙሪያውን ያርሳል። ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅበት መስመር ግፊቱ ሲወርድ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ በላላ መገጣጠሚያና በተሰነጠቀ ቦታ በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ከቀናት በኋላ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ደፍርሶ የሚወርደውን "የመስመር ዝገት ነው" ብለን ደፍተን ቀጣዩን በጄሪካን እንቀዳለን። ዝገት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሽታና ቀለም ስለሌለው ብቻ ንጹሕ ነው ብለን የምንጠጣው ውሃ የየትኛው ጓሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ማን ይቆጣጠር? የቴፒ ከተማ አስተዳደር አለ፣ ዙሪያዋን የከበባት የየኪ ወረዳ አለ። የሁለቱም የበላይ የሆነው ሸካ ዞን ማሻ ነው ያለው። ቴፒ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከአራቱ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ስለሆነች መሬት ፈላጊው በዝቷል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ከተሄደ ደግሞ የጋምቤላው መዠንግር ዞን አለ። ቧንቧ ይሄን ሁሉ ወሰን አያውቅም፤ ከፍታውን ተከትሎ ይወርዳል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፕላን የሚያጸድቅ፣ ግንባታ የሚያስቆም "የሕንፃ ሹም" አምጥቶ ነበር። ግን በዋናነት የተበጀው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። በዚያ አዋጅ ከከተማው ወሰን ማዶ ያለውን ተራ መኖሪያ ቤት የሚያይ ሹም አልተመደበም። እዚያ ያለው የወረዳው የመሬት ባለሙያ ነው፤ እሱ የእርሻውን ስፋት ለክቶ ደብተር ይሰጣል እንጂ መሠረቱ ስንት ሜትር ተቆፈረ፣ ከሥሩስ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። የውሃ አገልግሎቱ ደግሞ መስመሩ የት እንደተቀበረ ያውቃል፣ ቤት የማስቆም ሥልጣን የለውም። አንዱ ካርታ አለው፣ አንዱ ሥልጣን አለው፣ አንዱ ቦታው ላይ አለ። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ስብሰባ ነው የጠፋው። በእኛ አካባቢ የወሰን ነገር ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ስለሆነ የከተማው ሰው ብቻውን ወሰን ተሻግሮ ግንባታ ቢያስቆም "በማን ሥልጣን?" መባሉ አይቀርም። መሄድ ያለባቸው አብረው ነው።

ወሰን ለሚሻገር ውሃ የሐረርን ጉዳይ እዩት። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ፊቷን ያዞረችው በድሬዳዋ በኩል ወዳሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው። ውሃው 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ እየተገፋ፣ የኦሮሚያ ከተሞችን አቋርጦ ይደርሳል። እኔን የሚስበኝ ርዝመቱ አይደለም። በመንገዱ ያሉት ሐረማያና አወዳይም ከዚያው ውሃ እንዲጠጡ መታሰቡ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ገፈርሳንና ለገዳዲን የምትጠጣው ከራሷ ወሰን ውጪ ነው።

ጊዜው ካለፈ የሚሆነውን ደግሞ ሙምባይ አሳይታናለች። ታንሳ በሚባለው ትልቁ የውሃ መስመር ግራና ቀኝ ሰፈር ከሰፈረ በኋላ ፍርድ ቤት በየጎኑ 10 ሜትር ይጽዳ ብሎ አዘዘ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሥተው ብዙዎቹ ማሁል በሚባል፣ የነዳጅ ማጣሪያዎች አጠገብ ባለ ሰፈር ተጣሉ፤ አየሩ ለጤና የማይሆን ስለሆነ ሌላ ክርክር ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ችካል ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ለእኛ ገና አልረፈደም። የከተማው የሕንፃ ሹም፣ የወረዳው የመሬት ባለሙያና የውሃ አገልግሎቱ ሰው ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ መስመሩን ከምንጩ እስከ ማጠራቀሚያው በእግራቸው ይሂዱበት፣ ያዩትን በአንድ ቃለ ጉባኤ ይፈርሙ፣ ችካል ይትከሉ። በጀት አያስፈልገውም አልልም፤ ግን ከማፍረስና ከካሳ በብዙ ያንሳል። ቁጥጥሩ ብቻውን እንደማይበቃም ልናገር። ቧንቧው በማሳው አልፎ ከተማ ሲሄድ እያየ ልጁን ወንዝ የሚልክ ገበሬ መስመሩን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ቧንቧው ለሚያልፍበት ቀበሌ አንድ ቦኖ ካልወጣለት የትኛውም የጋራ ኮሚቴ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። ጠባቂው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው፣ ከእሱ በፊት ማንም ዶማ ሲነሣ አያይም።

ቴፒም ሆነ ሚዛን አማን ዳር ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ አገልግሎት ሄዳችሁ "መስመር በየት ያልፋል?" ብላችሁ ጠይቁ። በቃል ብቻ ከነገሯችሁ አትመኑ፤ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱና ቦታው ላይ ቆሞ ያሳያችሁ። በቡና መሃል ለጥ ብሎ የተመነጠረ ቦታ በርካሽ ከቀረበላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቁ።